የጨረቃ ናዳና የእህቴ መንደር

ከባህር ማዶ ይዤ የተመለስኩት ሙያ የጨረቃን ገደል በፎቶግራፍ ማንበብ ነበር። ዛሬም ይህን ስናገር የሚስቅ ሰው አይጠፋም፤ ያኔማ የማይስቅ አልነበረም። በሃምሳዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። የሥራ ምደባ የሚሰጠው ሹም ወረቀቴን ግራና ቀኝ ካገላበጠ በኋላ፣ «ለጨረቃ የሚሆን መሥሪያ ቤት የለንም» አለኝና ደብረ ብርሃን ሄጄ ጂኦግራፊ እንዳስተምር ላከኝ። አጠገቡ የተቀመጡት ጸሐፊዎች ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ሙያው ግን የሚያስቅ አልነበረም። በጨረቃ ዙሪያ የሚሽከረከሩት መንኮራኩሮች የሚያነሱት ፎቶግራፍ በሬዲዮ ሞገድ ወደ ምድር ይላካል። እኛ ዘንድ ሲደርስ ሙሉ ምስል አይደለም፤ እንደ ጥለት በቀጫጭኑ የተቆራረጠ ነው። እኔና እኔን መሰል ረዳቶች ቁራጮቹን ጎን ለጎን እያጋጠምን አንድ ትልቅ ምስል እናደርጋቸዋለን። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ማየት ብቻ ነው። የትኛው ጉድጓድ ቀድሞ እንደተፈጠረ፣ የትኛው በላዩ ላይ እንደመጣ፣ የትኛው ቋጥኝ ከየትኛው አፋፍ ተንከባሎ እንደወረደ እናያለን። አለቃዬ የነበሩት አዛውንት ፕሮፌሰር መጀመሪያ ያስተማሩኝ ነገር ስለ ጥላ ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን የጨረቃ ፊት ልሙጥ መስሎ ይታያል። ፀሐይ ዝቅ ስትል ግን የማትረባ እብጠት እንኳ ረጅም ጥላ ትጥላለች፤ ተደብቆ የነበረው ሁሉ ይወጣል። «ፀሐይ ዝቅ ያለችበትን ፎቶግራፍ ፈልግ» ይሉኝ ነበር ሁልጊዜ።

ለእኔ የተሰጠኝ የአንድ ትልቅ ጉድጓድ ውስጠኛ ግድግዳ ነበር። ግድግዳው አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን እየቆየ እየቆየ ተንዷል፤ የተናደውም መሬት እንደ ደረጃ ተደራርቦ ቆሟል። ከላይኛው ደረጃ በላይ፣ ገና ባልወደቀው መሬት ላይ፣ እንደ ማጭድ የታጠፈ ቀጭን የጥላ መስመር አገኘሁ። ስንጥቅ ነበር። ይህኛውም ተራውን ጠብቆ እንደሚወድቅ ጻፍኩ። ፕሮፌሰሩ አንብበው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ትክክል ነው» አሉኝ። የትምህርቱ ዘመን አልቆ አገሬ ስገባም፣ ሥራውን እንዳልተወው ብለው የፎቶግራፎቹን ቅጂ በፖስታ ይልኩልኝ ጀመር።

ደብረ ብርሃን ከገባሁ በኋላ የመጀመሪያውን ፋሲካ ለማሳለፍ ወደ ቤተሰቦቼ ወረድኩ። በጭነት መኪና አንኮበር ድረስ፣ ከዚያ በእግር ነው። አባቴ ከአንኮበር ቁልቁል፣ ደጋው አልቆ ቆላው ከሩቅ በሚታይበት አፋፍ ላይ ያለች የአንዲት ትንሽ አጥቢያ ቄስ ነበሩ። ቤተ ክርስቲያኗ የተሠራችው ጉብ ባለ አለት ላይ ነው። ከሥሯ የግጦሽ ሜዳ አለ፤ ሜዳው ቁልቁል ሲያዘነብል ደግሞ የእህቴ መንደር።

እናታችን የሞተችው እኔ ነፍስ ሳላውቅ ስለሆነ ያሳደገችኝ ይህች ታላቅ እህቴ ናት። እትዬ እላታለሁ። ባሏን ደግሞ ጋሼ። ጋሼ ብዙ የማይናገር፣ አንድ ነገር ሲነግሩት መሬት መሬቱን እያየ የሚያዳምጥ ገበሬ ነበር። እኔ ደብረ ብርሃን ትምህርት ቤት ስገባ ስንቄን ተሸክሞ በዚያ ብርድ ያመላልሰኝ የነበረው እሱ ነው። ባህር ማዶ ስሄድም እስከ ጣርማ በር ድረስ ሸኝቶኝ፣ የመኪና መንገዱ ዋሻ አፍ ላይ ቆሞ መኪናው እስኪሰወር ሲያየኝ ትዝ ይለኛል። ለምን በአዲስ አበባ በኩል እንዳልሄድኩ የሚጠይቅ ካለ፣ መጀመሪያ ደሴ ያሉትን አጎቴን መሰናበት ነበረብኝ።

የፋሲካ ማግስት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ከቤተ ክርስቲያኑ የድንጋይ አጥር ላይ ተቀምጬ ቁልቁል አይ ነበር። ፀሐይ ከጀርባዬ ወደ ምዕራብ አዘንብላለች፤ ብርሃኗ ቁልቁለቱን እየላሰ ነው የሚወርደው። ያን ጊዜ ሜዳው ላይ አንድ መስመር አየሁ። ከሜዳው ጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄድ፣ ሁለት ጫፎቹ ወደ መንደሩ የታጠፉ ቀጭን ጥላ። ልጅ ሆኜ ስቦርቅበት የኖርኩት ሜዳ ነው። አይቼው አላውቅም ነበር።

ወረድኩ። ጥላው የሚወጣው መሬቱ እስከ ጉልበት ድረስ ዝቅ ካለበት ቦታ ነበር። ሣር ስለለበሰ ቅርብ ሆነው ሲያዩት ተራ እርከን ይመስላል። ከታቹ ያሉት ጥዶች ወደ ኋላቸው፣ ወደ ተራራው ጋደል ብለዋል። በፊት ደረቅ በነበረ ቦታ ውሃ ያዣል። ጋሼ ከብት ለማየት መጥቶ ስንጥቁን በእጄ ስዳስስ አገኘኝ።

«ምን ጠፋህ?» አለኝ።

«ይህ እርከን ከመቼ ጀምሮ ነው ያለው?»

«አባቴ እያለም ነበረ። ያኔ እስከ ቁርጭምጭሚት ነው። በየክረምቱ ትንሽ ትንሽ ይጨምራል።»

«ጋሼ፣ መሬቱ እየሄደ እኮ ነው።»

«ወዴት?»

«ወደ ታች። ወደ ቤታችሁ።»

እንደ ልማዱ መሬት መሬቱን እያየ ቆየ። አልሳቀብኝም። እንዴት አወቅህ አላለኝም። የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«መቼ?»

እጄን ከስንጥቁ አነሳሁ።

«ዘንድሮ ነው? ወይስ ልጆቼ ልጅ ሲወልዱ?»

«አላውቅም። ዝናብ ሲበዛ እንደሆነ ነው የማውቀው። ውሃ በስንጥቁ ሲገባ ከሥሩ ያላላዋል።»

«ዝናብማ በየዓመቱ ይበዛል» አለና ከብቶቹን ይዞ ሄደ።

በዚያ የውጭ አገር ቤተ ሙከራ ውስጥ ያን ሁሉ ጊዜ ስሠራ አንድም ሰው መቼ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። የጨረቃው ገደል ነገም ወደቀ፣ መቶ ሚሊዮን ዓመትም ቆየ፣ የጻፍኩት ትክክል ነው። ከሥሩ ቤት የሠራ የለም። ከዚያ ቀን በፊት ይህን የሙያዬን ምቾት አስቤው አላውቅም ነበር።

ማታ እራት ላይ ነገሩን ለአባቴ ነገርኳቸው። «ተራራውን ያቆመው እኔና አንተ አይደለንም» አሉ። «ሰዉን አታስፈራብኝ። ሰው ከፈራ አያርስም፤ ካላረሰ ደግሞ ተራራው ሳይወድቅበት ይሞታል።» ለጋሼ ግን የማውቀውን ነገርኩት። የሚሻለው ከዚያ ቦታ መልቀቅ ነው፤ መልቀቅ ካልተቻለ ከስንጥቁ በላይ ረዘም ያለ ቦይ ተቆፍሮ ጎርፉ ወደ ጎን፣ ወደ ወንዙ ይመለስ። ቦዩ እንደማያድን፣ ቢበዛ ጊዜ እንደሚሰጥ ጭምር ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ።

መንደሩ በሙሉ ጥቂት ጎጆ ነው። ከላይ ደጋው ላይ ደግሞ ማንም የማያርሰው፣ የመንግሥት ነው የሚባል ሰፊ ሜዳ ነበር። ቢያንስ በክረምት ሰዎቹ እዚያ ዳስ ጥለው ቢከርሙ ብዬ የአካባቢው ሹም ዘንድ አቤት ለማለት ሄድኩ። ሹሙ እንግዶች ነበሩበት። የባህር ማዶ ምሩቅ መሆኔን ሲሰማ ደስ ብሎት አስቀመጠኝ፤ ምን እንደተማርኩ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት።

«ጨረቃ ላይ ውሃ አለ?» አለኝ።

«የለም ጌታዬ።»

«ታዲያ ውሃ ከሌለ ገደሉን ማን ይንደዋል?»

ጥሩ ጥያቄ ነበር፤ ተማሪዎቼም እንዲህ አይጠይቁኝም። ከሰማይ የሚወርደው ድንጋይ ሲመታት መሬቷ እንደሚናወጥ፣ ገደሉም በክብደቱ ቀስ እያለ እንደሚያዘነብል አስረዳሁ። የስንጥቁን ቅርጽ በጣቴ ጠረጴዛው ላይ ሣልኩላቸው። እንግዶቹ ተደነቁ። አንደኛው ምራቁን እየዋጠ፣ «ይህን ሁሉ እዚህ ተቀምጦ» አለ። ከዚያ ወደ እህቴ መንደር መጣሁ። ያው ቅርጽ፣ ያው ስንጥቅ፣ ያው ደረጃ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች እንዳለ ተናገርኩ። የሹሙ ፊት ወዲያው ተለወጠ።

«መቼ ነው የሚወድቀው?»

«ቀኑን ማንም ሊያውቅ አይችልም። ግን...»

«ስማኝ ልጄ። ያ ሜዳ ስንት ሰው የሚመኘው ሜዳ መሰለህ? መሬት ከሆነ የፈለጋችሁት መሬት ብላችሁ ጠይቁ። ተራራ ይወድቃል ማለትን ምን አመጣው?»

እንግዶቹ ሳቁ። ስለ ጨረቃ ስናገር ያመኑኝ እነዚያው ሰዎች ናቸው። ስወጣ አንዱ ከኋላዬ፣ «ለጨረቃው ግን ጎበዝ ነው» ሲል ሰማሁት።

እትዬን ግን አሳመንኳት። እንዲያውም ማሳመን አይባልም፤ አልቅሼ ለመንኳት። ሰኔ ሲገባ ሁለቱን ልጆቿን ይዛ ደብረ ብርሃን መጣች። የተከራየሁት አንድ ክፍል ነው። አንዷን ጥግ ለእነሱ ለቅቄ፣ ጠረጴዛዬንና ፎቶግራፎቼን ወደ መስኮቱ አስጠጋሁ። ጋሼ እርሻውን ጥሎ መምጣት አልቻለም፤ ቀን እያረሰ፣ ሲመሽ ወደ ላይ ወጥቶ አባቴ ቤት እያደረ ከረመ። እትዬ ሥራ መፍታት ስለማታውቅ የበግ ጠጉር ከገበያ እየገዛች ስትፈትል ትውላለች። አንድ ቀን እንዝርቷን እንደያዘች ጠረጴዛው ዘንድ መጥታ ቆመች።

«ይህ ነው ጨረቃ?»

«አዎ። የአንድ ጉድጓድ ግድግዳ ነው።»

«የተቦካ ጭቃ ይመስላል።» ቆይታ ደግሞ፣ «ሰው አለበት?» አለችኝ።

«ሰው የለበትም። ሣር እንኳ የለም።»

«ታዲያ ቢናድ ባይናድ አንተን ምን ቸገረህ?»

በቁጣ አልነበረም የጠየቀችኝ። በእውነት ማወቅ ፈልጋ ነው። በዚያ ላይ ያየሁት ነው የእናንተን ያሳየኝ አልኳት። መልሱ አላረካትም። ወደ ፈትሏ ተመለሰች።

ዝናቡ በዚያ ክረምት እንደ ጉድ ዘነበ። ጉሙ ደብረ ብርሃንን ውጧት ቀን ከሌት አይለይም። በዘነበ ቁጥር መስኮቱ ዘንድ እቆማለሁ፤ እትዬ ደግሞ እኔን ታያለች። ወሬው መምህራኑ ዘንድ ደርሶ ስለነበር በየጠዋቱ፣ «ተራራው እንዴት አደረ?» እየተባልኩ ነው ለክረምት ትምህርት የምገባው። ልክ እንደ ሰላምታ ሆነ። እውነቱን ለመናገር፣ ከነሐሴ አጋማሽ በኋላ ቢወድቅ ብዬ የተመኘሁበት ሰዓት ነበር። የእኔ ሰው የለበትም፤ ሌሊት ከሆነ ጋሼም ላይ አባቴ ቤት ነው፤ ይውደቅና እንረፍ እል ነበር።

አልወደቀም። መስከረም ላይ ጋሼ መጣ። እግሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ደጃፉ ላይ ተቀመጠና ውሃ ጠጥቶ፣ «ተራራው ደህና ነው» አለ። «ገብሱ ግን የለም።» ልጆቹ ስላልነበሩ የሚጠብቀው አጥቶ ጭላዳ ወርዶ በልቶታል። አረሙንም የሚያርም ሰው አልነበረም። እትዬ ዕቃዋን መሸከፍ ጀመረች።

«ለወደፊቱም እንዲህ ነው የምንኖረው?» አለችኝ ስትወጣ።

«እትዬ፣ ዘንድሮ አልወደቀም ማለት አይወድቅም ማለት አይደለም።»

«እሱን አውቃለሁ። እኔ የጠየቅሁህ ስለ ልጆቼ ጉሮሮ ነው።»

በዚያ ዓመት በበጋው የፕሮፌሰሩ ደብዳቤ ደረሰኝ። ስለ ጨረቃው ግድግዳ የጻፍኩት በአንድ የታወቀ የሳይንስ መጽሔት ላይ ሊወጣ ነው። ሌሎች ሊቃውንትም አንብበው አመስግነዋል፤ በተለይ ያልወደቀው ክፍል ተራውን ጠብቆ እንደሚወድቅ በልበ ሙሉነት መናገሬን ወደውታል። ደብዳቤውን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። ማስተማር ነበረብኝና ክፍል ገባሁ። የዚያን ቀን ያስተማርኩት ስለ ናይል ገባሮች ነበር።

በሁለተኛው ሰኔ እንደገና ወረድኩ። እርከኑ ጨምሯል፤ ከጉልበቴ አልፎ ጭኔ ደርሷል። ለእትዬ አሳየኋት። ልጆቹን ብቻ እንኳ ስጭኝ አልኳት።

«ልጆቹ ከሄዱ ጭላዳውን ማን ይጠብቃል?» አለች።

«እሺ አንቺ ነይ።»

«እኔ ከሄድኩ እሱን ማን ያበላዋል? ባለፈውም እንዲሁ ብለህ ነበር። ሰው ሁሉ ስቆብናል። ጎረቤቶቼ ውሃ ስቀዳ፣ ‘ተራራሽ ደህና ነው?’ ይሉኛል። ዘንድሮ የትም አልሄድም።»

ወደ ጋሼ ዞርኩ። እሱ መሬት መሬቱን እያየ ነው። ተናድጄ ምሳ ሳልበላ ተነስቼ ወጣሁ። እትዬ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ተከትላኝ፣ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ከእጇ የተቀበልኩት የመጨረሻ ነገር እሱ ይመስለኝ ነበር ብዙ ጊዜ። አልሆነም፤ ግን ቢሆን ይሻል ነበር።

ናዳው የወረደው በፍልሰታ ጾም ነው። በፍልሰታ ቅዳሴ የሚገባው እኩለ ቀን ላይ ስለሆነ የመንደሩ ሰው አብዛኛው ልጁን ሊያቆርብ ወደ ላይ ወጥቶ ቤተ ክርስቲያን ነበር። እትዬም ከሁለቱ ልጆቿ ጋር እዚያው ነበረች። ድምፁን የሰሙት በቅዳሴው መካከል ነው አሉ። መጀመሪያ ነጎድጓድ መሰላቸው፤ ቀጥሎ ግን መሬቱ ከእግራቸው ሥር ተንቀጠቀጠ። ወጥተው ሲያዩ ሜዳው በቦታው የለም።

ይህን የነገረኝ ከአባቴ ጋር የሚቀድስ ዲያቆን ነው። ጭቃውን ሲረግጥ አድሮ ደብረ ብርሃን የደረሰ ጊዜ እኔ የክረምት ትምህርት ፈተና እያረምኩ ነበር። «ወንድምዎ» አለኝ፤ ጋሼን ማለቱ ነው። «እቤት ቀርተው የነበሩ አንዲት አሮጊትም አሉበት።» በክረምት መኪና ስለማይገባ በበቅሎና በእግር ተጉዘን ደረስን።

ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ላይ ቆሜ ቁልቁል አየሁ። ምን እንዳየሁ መናገር አለብኝ። ዓይኔ መጀመሪያ ያየው የጠፉትን ጎጆዎች አልነበረም። አባቴንም፣ በጭቃው ላይ እየተንበረከኩ የሚቆፍሩትን ሰዎችም አልነበረም። መጀመሪያ ያየሁት ደረጃውን ነው። አንድ፣ ከሥሩ ሌላ፣ ከዚያም ወደ ቆላው የተዘረጋ የጭቃ ምላስ። ፎቶግራፉ ላይ እንዳለው ነበር፤ አንድም የጎደለ የለም። ልቤ፣ «ትክክል ነው» አለ፤ የፕሮፌሰሩን ድምፅ ይዞ። ለዚህች ቅጽበት ራሴን እስከ ዛሬ እጸየፈዋለሁ።

ጋሼን ያገኙት ከቤቱ ርቆ፣ ከሜዳው አናት በወረደው ጭቃ ውስጥ ነው። ቤት ውስጥ አልነበረም። ዶማው አጠገቡ ነበር። ለምን እዚያ እንደነበረ የገባኝ ለቅሶው ላይ ነው። እትዬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጣለች። ሳያት ሄጄ እግሯ ሥር ወደቅሁ። ድምፅዋ በለቅሶ ጠፍቶ ስለነበር የተናገረችው በሹክሹክታ ነው።

«ቦይ ሲቆፍር ነው የሞተው» አለችኝ። «አንተ ያልከውን ቦይ። አምናም ቆፍሯል፤ ዘንድሮም ቆፍሯል። ሰው እንዳይስቅበት ሰው ቤተ ክርስቲያን ሲሆን እየጠበቀ ነው የሚቆፍረው። ላንተም እንዳልነግርህ ከልክሎኛል። ማመኔን ካወቀ ልቀቅ ይለኛል፣ ወዴት ብዬ እለቃለሁ ይል ነበር።»

ቦዩ እንደማያድን ነግሬዋለሁ ልበላት? ነግሬዋለሁ። እሱም ሰምቶኛል። ከመቀመጥ ይሻላል ብሎ ነው የቆፈረው።

አባቴ ፍትሐቱን ራሳቸው አደረሱ። ከቀብር በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተጀርባ ብቻቸውን ቆመው አገኘኋቸው። አርጅተዋል።

«የምትለው እውነት እንደሆነ አውቅ ነበር» አሉኝ፤ ፊታቸውን ሳያዞሩ። «ሁላችንም እናውቅ ነበር። ስንጥቁን ከአንተ ይልቅ እኛ ነን የምናውቀው። ግን አውቀን የት እንሂድ? የሚኬድበት ከሌለ ባያወሩት ይሻላል ብዬ ነው አታስፈራብኝ ያልኩህ።»

እስከዚያ ቀን ድረስ ያላወቁ ሰዎችን የማስተምር መስሎኝ ነበር።

ሹሙ ለለቅሶ በበቅሎ መጣ። አብረውት የመጡ ሰዎች ጃንጥላ ይዘውለታል። የተናደውን መሬት ረጅም ጊዜ አይቶ፣ «ጨረቃ ላይ ያየኸው ይህን የመሰለ ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። ከሳምንታት በኋላ ከላይ ያለው ሜዳ ለተረፉት ሰዎች እንዲሰጥ ተወሰነ። በሕይወት ሳሉ ያልነበረ መሬት ሰው ሲሞት ተገኘ። ሹሙ መሬቱን ሲያከፋፍል ስለ ደግነቱ ተመሰገነ፤ ለእትዬም አንድ ድርሻ ወጣላት። እሷ ግን አልፈልግም አለች። ልጆቿን ይዛ የባሏ ዘመዶች ወዳሉበት ወደ አረርቲ ወረደች። እኔ ቤት እንድትቀመጥ ለምኛት ነበር።

በዓመቱ፣ ሐምሌ ላይ፣ ሰዎች ጨረቃ ላይ ወረዱ። የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር ሬዲዮ አዳራሹ ውስጥ አስቀምጦ የከተማውን ሰው ጠራ፤ ዜናውን እንዳብራራም እኔን መድረክ ላይ አወጣኝ። እምቢ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። ስለ አፈሩ፣ ስለ ድንጋዩ፣ ስለ ጉድጓዶቹ የማውቀውን ተናገርኩ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ከፊት ወንበር ላይ ያ ሹም ነበር፤ ያኔ ተሹሞ ወደ ከተማ መጥቷል። ንግግሬን ስጨርስ ከሁሉ ቀድሞ አጨበጨበ፤ አጠገቡ ላለው ሰውም፣ «የእኛው አገር ልጅ ነው፤ የተናገረው ሁሉ የሚደርስ ነው» አለው። ጮክ ብሎ ነበር፤ እንድሰማው።

ፎቶግራፎቹን በማግስቱ ለትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት አስረከብኩ። ተማሪዎች ለትያትር መድረክ መጋረጃ አድርገው ሲለጥፏቸው አይቻለሁ። ፕሮፌሰሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ጽፈውልኝ ነበር። አዲስ ፎቶግራፍ መጥቷል፣ ካቆምክበት ቀጥል፣ አንተን የሚያህል ዓይን አላገኘሁም ይላሉ። መልስ አልጻፍኩላቸውም። በደል አልበደሉኝም፤ ምን ብዬ እንደምጽፍ ስላጣሁ ነው። ናይልን ማስተማር ቀጠልኩ።

እትዬን ለማየት አረርቲ የሄድኩት ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ጥምቀት እንዳለፈ፣ ሽምብራው በሚነሳበት ጊዜ ነው። ቤቷ ከገበያው ጀርባ ነበር። ልጆቹ አድገዋል፤ ትልቋ ሱቅ ውስጥ ትሠራለች። ስገባ እትዬ ሽምብራ ስትነፋ አገኘኋት። ወንፊቱን አስቀምጣ ተነሳች፤ ጉንጬን ሳመችኝ፤ እጇ ያው እጅ ነው።

«እንደምን ከረሙ?» አለችኝ። «ይቀመጡ እንጂ።»

መጀመሪያ የምትቀልድ መሰለኝ። ከኋላዬ ሌላ ሰው የገባም መስሎኝ ዞር አልኩ። ማንም የለም። በጀርባዋ አዝላኝ ያሳደገችኝ እህቴ፣ አፍንጫዬን በቀሚሷ የጠረገችልኝ፣ «እርስዎ» አለችኝ።

ውሃ አምጥታ አስታጠበችኝ። ምሳ አቀረበች። ስለ ሽምብራው ዋጋ፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ልጆቹ ጤና ነገረችኝ። ስለ ጋሼ አላነሳችም። እኔም አላነሳሁም። ይብሉ፣ ይጨምሩ፣ ጾም አይደለም እኮ ትለኛለች፤ ልክ ከከተማ እንደመጣ እንግዳ፣ ልክ እንደ አንድ ሹም። አንድ ጊዜ፣ «እትዬ፣ ምነው አንተ ብትይኝ» አልኳት።

«የተማሩ ሰው ነዎት» አለችኝና ሳህኑን አነሳች።

አውቶቡስ ድረስ ልጇ ሸኘኝ። እትዬ ደጃፏ ላይ ቆማ እጇን አውለበለበችልኝ። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖራለች፤ በየዓመቱም ጠይቄያታለሁ። አክብራ ተቀበለችኝ፤ አክብራ ሸኘችኝ። አንተ ብላኝ ግን አታውቅም።